«እግዚአብሔር ይመስገን» ስል እየዋሸሁ ነውን? ከኮዬ ፈጬ የተነሣ አንድ ጥያቄና 43 ምላሾቹ

የምንኖረው በአዲስ አበባ ጫፍ ነው፤ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ጥቂቶቻችን ደግሞ ወደ አቃቂ ወረድ ብለን። የውይይት መድረካችን አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገረው ስለ አውቶቡስ ሰልፍ፣ ስለ መብራትና ስለ ውኃ ፈረቃ ነው። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ግን አንዲት እናት ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይዛ መጣች። ክሩን፣ ማለትም ጥያቄዋንና ተከታትለው የመጡትን ምላሾች፣ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ላላገኛችሁ፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር ላድርሳችሁ።

ጠያቂዋ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ ናት። በ1997 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግባ ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ዕጣ ሲደርሳት ጎረቤት እስኪሰበሰብ እልል ብላ ነበር። አሁን ውኃ ከጠፋ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። በየማለዳው ባዶ ጀሪካን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቷ እንደምን አደርሽ ይሏታል፤ እርሷም እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ታልፋለች። አፏ ይህን ሲል ሆዷ ግን በንዴት ይቃጠላል። ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነባት። እንዲህ ያለው ምስጋና በእግዚአብሔር ፊት ውሸት አይደለም ወይ ስትል ጠየቀች። በመጨረሻው መስመር ላይ ሌላም ጥያቄ ጨምራለች፦ እግዚአብሔር እዚህ ያመጣኝ ለዓላማ ከሆነ፣ ዓላማዬ ጀሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት ነውን? ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ማንም ልብ አላላትም።

የመጀመሪያው ምላሽ ደግ ነበር። ጸሐፊዋ ጠያቂዋን እኅቴ ብላ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 5 ቁጥር 18 ላይ በሁሉ አመስግኑ እንዳለ አስታወሰቻት። ሁለተኛው ይህንኑ ደግፎ ስለ እናቱ ተናገረ፤ እናቱ በተመስገን ኖረው በተመስገን እንዳረፉ።

ሦስተኛው ሰው እርማት ይዞ መጣ። ቃሉ የሚለው በሁሉ እንጂ ስለ ሁሉ አይደለም፤ በጥም ውስጥ ሆነህ አመስግን ማለት ስለ ጥሙ አመስግን ማለት አይደለም ሲል ለየ። ብዙዎች እፎይ ያሉ መሰለኝ። አራተኛዋ ግን አራሚውን አረመችው፤ ወደ ኤፌሶን 5፥20 ሂድና እይ፣ እዚያ ስለ ሁሉ ተብሎ ተጽፏል አለች። ሰውየው በስድስተኛው ምላሽ ተመለሰ። ግሪክኛውን አይቶ ነበር፦ በተሰሎንቄው መልእክት ያለው መስተዋድድ «ኤን»፣ በኤፌሶኑ ያለው «ሁፔር» ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ተጽፈዋል፣ እኅታችን ትክክል ናት ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ተቀበለ። በመድረካችን ላይ እንዲህ ያለ መመለስ ብዙ ጊዜ አላየሁም፤ ደስ አለኝ። እኔ የምጨምረው ቢኖር ያ የኤፌሶን ዐረፍተ ነገር ብቻውን የቆመ አለመሆኑን ነው። በመዝሙር እርስ በርስ ከመነጋገር ይጀምርና አንዱ ለሌላው በመገዛት ያልቃል። ስለ ሁሉ የሚያመሰግነው ሰው ብቻውን በር ዘግቶ የተቀመጠ አይደለም፤ በሰዎች መካከል ያለ ነው።

አምስተኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ምላሾች ስለ ሮቶ ነበሩ። የትኛው ሕንፃ ጋር ትናንት ውኃ እንደ መጣ፣ ሮቶ ጣሪያ ላይ ሲሰቀል ፓምፕ እንደሚያስፈልገው፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት እንደሚሞላ። እዚያ ላይ አልቆምም።

ዘጠነኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው በቁጣ፣ ምስጋና የድሀ አፍ መለጎሚያ ሆኗል አለ። ሰባኪው ውኃ ከማይቋረጥበት ሰፈር መጥቶ እኛን አመስግኑ ይለናል፤ መጠየቅ የሚገባው አካል ሳይጠየቅ እኛ እርስ በርሳችን ትዕግሥት እንማማራለን ሲል ጻፈ። አሥረኛው ከዚያ በባሰ ቁጣ መለሰለት፦ እስራኤልም በምድረ በዳ ስለ ውኃ አጉረምርመው ነበር፣ የአጉረምራሚ መጨረሻው ይታወቃል ብሎ። ያን ሳነብ ደረቴ ጠበበ፤ አሥራ አንደኛዋ ግን አተነፈሰችኝ። ዘጸአት ምዕራፍ 17ን እስከ መጨረሻው አንብበው አለችው። ሕዝቡ ተጠማ፣ ከሙሴ ጋርም ተጣላ፤ የስፍራውም ስም ማሳህና መሪባ ተባለ፣ ይህ እውነት ነው። እግዚአብሔር ግን የለም አልተጠማችሁም አላላቸውም። ሙሴን በኮሬብ ያለውን ዓለት በበትርህ ምታ አለው፣ ሕዝቡም ጠጣ። ኀጢአታቸው እግዚአብሔር በመካከላችን ነው ወይስ አይደለም ማለታቸው እንጂ ጉሮሯቸው መድረቁ አይደለም ብላ ለየችው።

አሥራ አራተኛው የእኔ ነው። ሰዎች ስለ ኢዮብ ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚያነሡት ምዕራፍ አንድን ነው፤ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ ብሎ ስሙን የባረከበትን። ያው ኢዮብ በምዕራፍ ሦስት የተወለደባትን ቀን ረገመ። ከዚያ በኋላ ብዙ ምዕራፍ ተከራከረ፣ ጮኸ፣ ለምን አለ። ጓደኞቹ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ጥብቅና ቆመው ያማረ ንግግር አደረጉ። በ42፥7 ላይ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በጓደኞቹ ላይ ነው፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ። ዳዊት የምንለው መዝሙረ ዳዊትም በአቤቱታ የተሞላ ነው። መዝሙር 87፣ በዕብራይስጡ ቁጥር 88፣ ወደ ምስጋና ሳይመለስ በጨለማና በብቸኝነት ያበቃል፤ ይሁንና ከጸሎት መጽሐፋችን ማንም አላወጣውም። እኔ የተረዳሁት ይህ ነው፤ ምስጋናና ለቅሶ ወደ አንድ ጆሮ የሚደርሱ ከሆነ ሁለቱም ጸሎት ናቸው። ውሸት የሚሆነው ምስጋናው ለእግዚአብሔር ሳይሆን ጎረቤትን ለማሰናበት ሲባል ነው። ይህን ስጽፍ ራሴን እያየሁ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ እንዴት ነህ ላለኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን እያልሁ ዓመት ሙሉ ማንንም ከደጄ አላሳለፍሁም።

ቀጥሎ የመጣው ጭቅጭቅ አሳዘነኝ። አንዱ ተመስገን ማለት ይበቃል አለ፤ ሌላዋ እርሱ ልማድ ብቻ ነው፣ ጌታ ይባረክ ማለት ይሻላል አለች፤ ከሁለቱም ወገን ደጋፊ መጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራ። ሌላው ጨምሮ፣ ያመሰገነ ይጨመርለታል፣ አንቺም አጥብቀሽ ብታመሰግኚ ቧንቧሽ ይከፈት ነበር አላት። ይህን የጻፈው ወንድማችን በክፋት እንዳልጻፈው አምናለሁ። ነገር ግን ምስጋናን ዕቃ መግዣ ገንዘብ ማድረግ ከባድ ስሕተት ነው፤ ጳውሎስ መራብንም መጥገብንም ተምሬአለሁ ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ እስር ቤት ነበር፤ በዚያ እስር ስላመሰገነ ሰንሰለቱ አልወለቀም። አስተባባሪያችን በአሥራ ስምንተኛው ምላሽ ሁላችንንም በአክብሮት ወደ ጥያቄው መለሰን።

ከዚህ በኋላ ክሩ መልኩን ቀየረ።

አሥራ ዘጠነኛዋ ያደገችው ዘነበወርቅ ነው። እናቷ በሥጋ ደዌ ታመው፣ ጊዜው ሳያልፍ ሕክምና አግኝተው በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው በአለርት ሆስፒታል ታክመዋል። ጣቶቻቸው ቢጎዱም እዚያ ጥልፍ ተምረው በጥልፍ አምስት ልጅ አሳደጉ። በሉቃስ ምዕራፍ 17 የተጻፈው የዐሥሩ ለምጻሞች ታሪክ በተነበበ ቁጥር ሰባኪዎች ያልተመለሱትን ዘጠኙን ይነቅፋሉ፤ እናቷ ግን ስለ ዘጠኙ ያዝኑላቸው ነበር። ስንት ዓመት ከቤታቸው ተለይተው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የዳኑ ዕለት ወደ ልጆቻቸው መሮጣቸውን እኔ አውቀዋለሁ ይሉ ነበር። የተመለሰው ሳምራዊ መሆኑን ደግሞ ሌላ ሰው በማያይበት መንገድ ያዩት ነበር፦ ከዐሥሩ መካከል ከደዌው ቢነጻም እንኳ ለአይሁድ ባዕድ ሆኖ የሚቀር እርሱ ብቻ ነውና፣ መጠጊያው ያዳነው ብቻ ነበር። ይህን ትርጓሜ ከመምህር አልሰማሁትም። የወንጌሉ ቃል ዘጠኙ የት አሉ ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፣ ጥያቄውም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ያችን እናት በልቤ ይዣቸዋለሁ።

ሃያኛው አንድ ጠቃሚ እርማት ጨመረ። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ለምጽ የተባለውና ዛሬ በሕክምና ለምጽ የምንለው አንድ አይደሉም። ዛሬ ለምጽ የምንለው ቆዳ ቀለሙን የሚያጣበት፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ነገር ነው፤ ሥጋ ደዌ ደግሞ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በጥምር መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር ታክሞ የሚድን ሕመም ነው። በቃሉ መደባለቅ ምክንያት የሚገለሉ ሰዎች አሉና ስንሰብክ እንጠንቀቅ አለ። እርማቱ ከርእሱ የወጣ ቢመስልም አልወጣም፤ ስለ ሰው ጤንነት እያመሰገንን ሌላውን በቃል ማቁሰል አይገባም።

ሃያ አራተኛው ላይ ሁላችንም ዝም አልን ብል ማጋነን አይሆንም። ጸሐፊው የዚሁ አካባቢ ተወላጅ ነው። ሕንፃዎቹ ሳይቆሙ አባቱ እዚህ መሬት ላይ ጤፍና ሽንብራ ያርሱ ነበር። በቤታችሁ ስታመሰግኑ እሰማለሁ፣ መልካም ነው አለ፤ ነገር ግን እናንተ ዕጣ ደረሰን ብላችሁ እልል ያላችሁበት መሬት ለአባቴ ያለቀሰበት ነው፤ ምስጋናችሁ ውስጥ የእርሱ ስም አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ስድብ አልተናገረም። የተሰጠው ካሣ ስንት ወር እንዳቆየና አባቱ ሽማግሌ ሆነው ዘበኛ እንደ ሆኑ በሁለት መስመር ጽፎ አቆመ።

ሃያ አምስተኛውና ሃያ ስድስተኛው ክፉ መለሱለት፤ እኛም ዕጣ አውጥተንና ገንዘብ ቆጥበን ነው የገባነው፣ ለምን በእኛ ላይ ታሳብባለህ የሚል ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ጠያቂዋ የማንንም ማሳ አልቀማችም። ሰውየው ግን አልከሰሳትም፤ አስታውሱን ነው ያለው።

ሃያ ሰባተኛዋ የጻፈችውን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 23 ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ሳለ ከቤተ ልሔም በር አጠገብ ካለው ጉድጓድ ውኃ ቢያጠጡኝ ብሎ ተመኘ። ቤተ ልሔም በፍልስጥኤማውያን እጅ ነበረች። ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ውኃውን ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን አልጠጣውም። ነፍሳቸውን አሳልፈው የሰጡ ሰዎች ደም ነው ብሎ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ጸሐፊዋ ከዚህ ያወጣችው ነገር ቤታችንን እንልቀቅ የሚል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምክር ለማንም አይረባም። ያለችው ይህ ነው፦ እውነተኛ ምስጋና የደረሰኝ ነገር በማን ድካም እንደ መጣ ይቆጥራል። ያን ሳይቆጥር የሚያመሰግን ሰው ዕድሉን እያመሰገነ ነው እንጂ እግዚአብሔርን አይደለም። ከዚያም ወደ ተወላጁ ዞራ ወንድሜ ብላው፣ የአባቱን የክርስትና ስም በመድረኩ ሳይሆን ለብቻ እንዲልክላት ለመነችው፤ በጸሎት ታስባቸው ዘንድ። ልኮላት እንደ ሆነ በክሩ ላይ አልታየም።

ሠላሳኛው ዲያቆን ነው፤ ገላን አካባቢ ባለች ደብር ያገለግላል። በቅዳሴያችን ውስጥ ጸሎተ አኰቴት የምትባል የምስጋና ጸሎት እንዳለች አስታወሰን፤ ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ብላ የምትጀምር። አኰቴት ራሱ ምስጋና ማለት ነው። ጸሎቷ የምታመሰግንባቸውን ነገሮች በግስ ትቆጥራለች፦ ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ተቀብሎናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና። ዲያቆኑ ልብ እንድንል የፈለገው የዚህን ዝርዝር ማብቂያ ነው። ጸሎቷ ሁሉ ነገር ተሟልቶልናልና አትልም፤ እስከዚህች ሰዓት ደርሰናል ትላለች። ውኃ በጠፋ በዘጠነኛውም ቀን ይህን ማለት ውሸት አይደለም። ቀጥሎም ጌታ እንጀራውን አንሥቶ ያመሰገነው መቼ እንደ ነበር ጠየቀ። ጳውሎስ በመጀመሪያ ቆሮንቶስ 11፥23 ላይ ሰዓቱን ነግሮናል፦ አልፎ በተሰጠባት ሌሊት። አሳልፎ የሚሰጠው ሰው በማዕዱ ነበር፤ እርሱም ያውቅ ነበር፤ አመሰገነም፣ ቆረሰም፣ ሰጠም። ዲያቆኑ ሦስቱን ግሶች ሳንነጣጥል እንድናነብ መከረን። እኔ በበኩሌ ስድሳ ዓመት ሰምቼ የመጀመሪያውን ከሦስተኛው ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር።

ያቺ የተረሳችው ሁለተኛ ጥያቄ የተነሣችው በሠላሳ ሦስተኛው ምላሽ ነው፤ ያነሣትም ውኃውን የሚያመጣልን ልጅ ነው። በሲቪል ምህንድስና ተመርቋል፤ በሙያው ሥራ ፈልጎ አጥቶ አሁን በባጃጅ ጀሪካን ያመላልሳል። በየጉባኤው ስለ ዓላማ ሲሰበክ ሰልችቶታል። ለታላቅ ነገር ተፈጥረሃል ይሉኛል፣ እኔ ግን በየፎቁ ውኃ አቅራቢ ነኝ፤ ወይ ዓላማዬን ስቻለሁ ወይ ዓላማ የሚባለው ነገር ለተሳካላቸው ሰዎች የተሠራ ቃል ነው ብሎ ደመደመ። አነጋገሩ ስለታም ነበር፤ ሕመም ያለበት ስለት።

አንዲት ትልቅ እናት ልጄ ብለው መለሱለት። ኤፌሶን 2፥10 እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀው መልካም ሥራ አለ ይላል፤ ታላቅ ሥራ አላለም፣ መልካም ሥራ አለ እንጂ። ሠላሳ አምስተኛው በጡረታ ያለ አናጢ ነው። ጌታችን ማስተማር ሲጀምር ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖት እንደ ነበር ሉቃስ ጽፏል፤ በማርቆስ 6፥3 ደግሞ የአገሩ ሰዎች የሚያውቁት ጸራቢው ብለው ነው። የዕድሜው አብዛኛው ክፍል ማንም ባልጻፈው ሥራ በናዝሬት አለፈ፤ ያ ዘመን ከዓላማ ውጭ ነበር ልትል ትደፍራለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ይህን ካለ በኋላ አናጢው ሳይሸሽግ ጨመረ፦ ይህ ማለት በተማርህበት መሥራት የለብህም ማለት አይደለም፣ ማመልከትህን አታቁም፤ ሥራ ማጣትህ በደል ነው፣ በደሉንም በደል ነው በል። ሠላሳ ስድስተኛው በመካከል ገብቶ የጀሪካኑ ዋጋ ለምን ጨመረ ብሎ ልጁን ተጣላው። የቤንዚን ሰልፍ ተነሣ፣ የባጃጅ መለዋወጫ ተነሣ፤ ለጥቂት ጊዜ ገበያ ሆነ።

ከዚያ ጠያቂዋ ተመለሰች፤ በሠላሳ ስምንተኛው። ክርክሩን ሁሉ እንዳነበበችና ግማሹን እንዳልተረዳችው ተናገረች። አንድ ነገር ግን ሞክራለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ ጎረቤቷ እንደ ልማዳቸው እንደምን አደርሽ ሲሏት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውኃው ግን እጅግ አስመርሮኛል፣ ሌሊት ሳለቅስ አደርሁ አለቻቸው። ጎረቤቷ ደረጃው ላይ ቆሙ። እርሳቸውም ለሁለት ዓመት እግዚአብሔር ይመስገን ብቻ ሲሏት የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው እንደማይታጠፍላቸው፣ ጀሪካን ከምድር ቤት ሦስተኛ ፎቅ ለማድረስ በየደረጃው እየተቀመጡ አንድ ሰዓት እንደሚፈጅባቸው፣ ይህንንም ልጆቻቸው እንኳ እንደማያውቁ ነገሯት። በላያቸው ላይ እየኖረች አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእርሳቸውን ጀሪካን ከራሷ አስቀድማ ታወጣለች። ዓላማዬ ይህ ይሁን አይሁን አላውቅም ብላለች፤ ግን አራተኛው ፎቅ እንደ ቀድሞው አይረዝምብኝም።

ከዚህ በኋላ የመጡት ምላሾች አጫጭር ናቸው። ሠላሳ ዘጠነኛው ዘጠነኛውን ምላሽ የጻፈው ያ ቁጡ ሰው ነው፤ ስለ ውኃው ለሚመለከተው አካል የሚቀርብ ደብዳቤ አርቅቆ አምጥቶ ፊርማ ጠየቀ። አሥረኛውን የጻፈው ሰውም ፈርሟል፤ ከእኔ ስም ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ አየሁት። ባለ ባጃጁ ልጅ በአርባ አንደኛው፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው እናት የት ሕንፃ እንደሆኑ ጠየቀ። ጠያቂዋ በአርባ ሁለተኛው ነገረችው። የመጨረሻው፣ አርባ ሦስተኛው፣ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የተጻፈ ነው፤ ከታችኛው ሕንፃ ቧንቧው መንጠባጠብ ጀምሯል፣ ያልተኛችሁ ጎረቤቶቻችሁን ቀስቅሱ ይላል።